ከድንጋይ የሚማከሩት ኡስታ

ባለፈው ሳምንት ሆዳን ሰፈር ውስጥ፣ አዳዲሶቹ ቤቶች በሚሠሩበት መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «አንተ ገጣሚ» ብላ ጠራችኝ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ዞር ስል ብርሃኔ ናት። ድሮ ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ስታድር የማውቃት ብርሃኔ፤ ወፍራለች፣ አንዱን የፊት ጥርሷን በወርቅ አስለብጣለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። አሠሪዎቿ አገር ሲቀይሩ ይዘዋት ሄደው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስትዞር ኖራ፣ አሁን ተመልሳ ትንሽ ምግብ ቤት የምትከፍትበት ቦታ እየፈለገች ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ የገጠምኳትን ስንኝ አንድ ቃል ሳታጎድል አወረደቻት፦

ሰው ሁሉ በሥራው ላቡ ሲንቆረቆር፣
ኡስታ ሪድዋን ብቻ ከድንጋይ ሲማከር።

ሳቀች። «ምን ዓይነት ጊዜ ነበር! ያ ዘመን እኮ ተመልሶ አይገኝም» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ኡስታ ደኅና ናቸው ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አገራቸው ገቡ አልኳት፤ ውሸት አይደለም። በዚያው ቅጽበት ካጠገባችን ካለው ጅምር ቤት አንድ ሰው ብረት መቁረጥ ጀመረ፤ የተቃጠለ ሙጫና የጋለ ብረት ሽታ በነፋሱ መጣ። ሚኒባሱ ሲደርስ በቅጡ ሳልሰናበታት ዘልዬ ገባሁ።

ያን ዘመን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። አገር ቤት ላይ ጦርነት ተነሥቶ ዕቃው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ የዞረበት ጊዜ ነው። ሥራ ሞልቶ ነበር፤ ከድሬዳዋ በባቡር የወረደ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው ይቀጠር ነበር። እውነት ነው። ረጅሙ የፈረንጅ ዳቦ ሃያ ፍራንክ ይመስለኛል፤ እሱን ለሁለት ሰብረህ በወተት ሻይ እየነከርክ ስትበላ እስከ ምሳ አትራብም። የመናውያኑ ምድጃ ውስጥ የሚጠብሱት ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሦስተኛ ቢመጣም አያሳፍርም። ዓርብ ዓርብ ብቻ የምለብሰው አንድ ነጭ ሸሚዝ ነበረኝ፤ ኮሌታው ሲያልቅ ልብስ ሰፊው ገልብጦ ሰፋልኝና እንደገና አዲስ ሆነ። ካርቲየ ሁለት ሰፈር መታጠፊያው ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ አንካሳ ሶማሌ ነበር፤ የአማርኛውን፣ የሱዳኑንና በዑድ የሚታጀበውን የአገሬውን ዘፈን እያፈራረቀ ሲያጫውት፣ ምንም ሳይገዛ ግድግዳ ተደግፎ የሚሰማውን ሰው አያባርርም። ይህን ሁሉ ሳስታውስ ደረቴ ትንሽ ሞቅ ይለዋል። ግን ብዙ አይቆይም፤ ከኋላው የተቀጠርኩበት ሥራ ቤት ሽታ ይመጣል።

ቤቱ ብረታ ብረት የሚሠራበት ነበር፤ ወደ አምቡሊ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ በሚቋረጥበት ቦታ። ባለቤቱ ሐጂ ዑስማን የሚባሉ የአገሩ ሰው ናቸው። የጭነት መኪና አካል እንጠግናለን፣ የመስኮት ብረትና የግቢ በር እንሠራለን፣ የሰው ቢላዋና መጥረቢያም እንሞርዳለን። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ በሐምሌ ገና ቀትር ሳይሆን እጅ አያስነካም። የብረቱ ትቢያ ከላብ ጋር ይቦካና አንገት ላይ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ስንናፈጥ ጥቁር ነው፤ ስንተፋ ጥቁር ነው። የጋለ ብረት የምንነክርበት ባልዲ ውኃው ከተቀየረ ስንት ወር እንደሆነው የሚያውቅ አልነበረም፤ ላዩ ላይ ዘይት፣ የሲጋራ ቁራጭና የሞተ በረሮ ይንሳፈፋል፣ እጃችንን የምንታጠበውም በእሱ ነው። ለስምንት ሰው የነበረን የዓይን መከላከያ መነጽር አንድ ነው። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ጎማው በሰው ሁሉ ላብ ያዳልጣል፣ መስተዋቱ ከመጫጫሩ የተነሣ የቀጠነ ወተት ይመስላል። እሱን ከማድረግ ብልጭታውን በዓይን መቀበል ይሻላል እንባባል ነበር። የእጅ ግራይንደሮቹን የብረት ሽፋን በያጁ ጌታሁን ፈታትቶ ጥሏቸዋል፤ ከማሽኑ ልክ በላይ የሆነ ትልቅ ክብ የመሞረጃ ድንጋይ ሲታሰር ሽፋኑ አያስገባም ነበርና። የተፈቱት ሽፋኖች የሲጋራ መተርኮሻ ሆኑ። ይህን ነው ሙያ ስንለው የኖርነው።

በዚያ ሁሉ እድፍ መሀል አንድ ንጹሕ ጥግ ነበር፤ ትልቁ የመሞረጃ ማሽን የቆመበት። የዚያ ጥግ ጌታ ኡስታ ሪድዋን ናቸው። «ኡስታ» እዚያ የእጅ ሥራ አዋቂን የምንጠራበት ነው። የሐረር ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ። ሌላው ሰው ከሙቀቱ ብዛት ሽርጥ አገልድሞ ሲሠራ እሳቸው የሱሪያቸውን እግር በሲባጎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስራሉ፤ የሚዞር ነገር ልብስ ይወዳል ይላሉ። የራሳቸውን መነጽር በጨርቅ ጠቅልለው ከቤታቸው ያመጣሉ። ብረት የሚደገፍባት ጠፍጣፋ ከድንጋዩ ጋር ያላትን ክፍተት በክብሪት እንጨት ይለካሉ፤ ከዚያ ከሰፋች የብሎን ቁልፍ አምጥተው ያስጠጓታል እንጂ አይሠሩም። አዲስ ድንጋይ ሲታሰርማ ሥርዓቱ ሌላ ነው። መደርደሪያው ላይ ከሚቀመጥበት የመጋዝ ዱቄት ውስጥ በሁለት እጃቸው ያወጡታል፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ መሀል ቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን ሰክተው ያንጠለጥሉታል፤ በመፍቻ የእንጨት እጀታ ጎኑን መታ ያደርጉትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ትንሽ አዙረው ይደግማሉ። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን፣ ዓይን ምንም ባያይበት፣ እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እንዲያ ካለ መዶሻ አንሥተው ማንም እንዳይጠቀምበት ያደቁታል። ጤነኛውንም ካሰሩት በኋላ ማሽኑን አስነሥተው ከፊቱ ዘወር ይላሉ፤ ሰውንም ዘወር ያደርጋሉ፤ በከንፈራቸው እየቆጠሩ ባዶውን ያስዞሩታል። ብረት የሚያስጠጉት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ይህ የምታየው በሙጫ የተጣበቀ አሸዋ ነው፣ አሸዋነቱ ትዝ የሚለው ቀን አለው አሉኝ። አነጋገራቸውን ወደድኩትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ስለ ድንጋዩ ያሉትን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ያኔ ገጣሚ ነኝ ባይ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ አንድ ሥራ ላይ ስድስት ወር አልቆይም። እዚያ ቤት ያቆየኝ ብርሃኔ ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ የአሠሪዎቿን የወጥ ቤት ቢላዎች በጋዜጣ ጠቅልላ ታመጣለች፤ ኡስታ ስለቱ እንዳይቃጠል በውኃ እያበረዱ ቀስ ብለው ስለሚሠሩ ብዙ ትቆያለች፤ ለእኔ ያ ቆይታ በዓል ነበር። አንድ ቀን ስትመጣ ኡስታ አዲስ ድንጋይ አንጠልጥለው መምታትና ማዳመጥ ላይ ናቸው። እሷ ለምሳ መድረስ አለባት፤ እግሯን ታቀያይራለች። ሰውዬው ምን እያደረጉ ነው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ስንኟ ያን ጊዜ ነው አፌ ላይ የመጣችው። ብርሃኔ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። ኡስታ ሰምተዋል፤ ፈገግ ብለው «ጥሩ ገጥመሃል» አሉኝና ድንጋያቸውን ማዳመጥ ቀጠሉ።

ጌታሁን ስንኟን ያዛት። በሳምንቱ የቤቱ ሁሉ መዝሙር ሆነች። ኡስታ እጃቸውን ወደ ድንጋይ ሲዘረጉ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እናወርዳታለን። ጌታሁን ከዚያ አልፎ ጆሮውን የበር ብረት ላይ ለጥፎ «እንደምን አደሩ ድንጋይ፣ አገር ቤት ሰላም ነው?» እያለ ያሥቃል። ኡስታ መጀመሪያ ከእኛው ጋር ሳቁ። በኋላ ጀርባቸውን ይሰጡን ጀመር። ከዚያ በኋላ አራቴ የሚመቱትን አንዴ ብቻ፣ እንደ ሌባ ፈጠን ብለው፣ መታ አድርገው ያስሩታል። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ። ሌሎቹ ላያስተውሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን ጆሯቸው ሲቀላ፣ መፍቻውን በእጅጌያቸው ሲሸፍኑት አይቻለሁ። ሆኖም የራሴን ስንኝ በሰው አፍ ስትዞር መስማት ይጣፍጠኝ ነበር። ያ ጣዕም አሁን አፌ ላይ ሲመጣ ከባልዲው ውኃ የጠጣሁ ይመስለኛል። ብርሃኔን አሠሪዎቿ በዚያው ሰሞን ይዘዋት ሄዱ፤ ስንኟ ቀረች።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ኡስታ ማሽኑ ላይ ያለው ድንጋይ ስላለቀ አዲሱን ከመደርደሪያ እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። እጄ ግራሶ ነክቶት ነበር። ድንጋዩ ከደረቴ ከፍታ አመለጠኝና በጠርዙ ሲሚንቶው ላይ አረፈ፤ አንዴ ነጠረና በጎኑ ተኛ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጌታሁን ፊቱን ሸፍኖ ይበይዳል፤ አውሮፕላን እየተነሣ ነበር፤ ማንም አልሰማም። አገላብጬ ተመለከትኩት፤ ጭረት እንኳ አልነበረውም። ሐጂ ዕቃ የሰበረን ሰው በዚያው ቀን ያሰናብታሉ፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሲሄዱ አይቻለሁ። ድንጋዩ ደግሞ በዚያ ልክ የቀረን የመጨረሻው ነበር። ለራሴ ጠበቃ ቆምኩለት፦ ኡስታ ይመቱታል፤ ከታመመ ይሰሙታል፤ እኔ ምን አገባኝ። አቧራውን በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠኋቸው።

ቀትር እየተቃረበ ነበር። በጅቡቲ ቀትር ማለት ጫት ነው፤ ከድሬዳዋ በኩል የመጣው ጫት ከተማ ሲገባ የመኪናው ጡሩምባ ከመንገዱ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከጡሩምባው በፊት ያለችው ሰዓት የጥድፊያ ሰዓት ናት። ሰው የሚቆስለውም በዚያች ሰዓት ነበር፤ ጠዋቱን ሲያዛጋ ያረፈደ ሁሉ ያን ጊዜ ይነቃል። የዚያን ዕለት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለተሽከርካሪው የሚሆን ብረት ተሞርዶለት መነሣት ስለፈለገ፣ ሐጂ ራሳቸው መጥተው ማሽኑ አጠገብ ቆሙ። ኡስታ ድንጋዩን በጣታቸው አንጠለጠሉ፤ መፍቻውን አነሡ። ሐጂም፣ አማርኛቸው ከገበያ ቃል የማያልፈው ሐጂ፣ ስንኟን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሏት። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ሰው ሁሉ አውካካ። ኡስታ አልሳቁም። እኛ ስንለው ጨዋታ የነበረው፣ እንጀራቸውን የያዙት ሰው ሲሉት ሰነፍ ነህ ማለት ሆነ። መፍቻውን አስቀመጡት። ድንጋዩን ሳይመቱ አሰሩት፤ ዳዶውን አጠበቁ። እኔ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። «ኡስታ፣ ይህ ድንጋይ ወድቋል» ማለት አራት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ዘጋሁት።

ማሽኑ ተነሣ። ኡስታ በልማዳቸው ዘወር ብለው መቁጠር ጀምረው ነበር፤ ሐጂ «ያላ፣ ያላ» ሲሏቸው ቆጠራውን ትተው ብረቱን ይዘው ተጠጉ። ድምፁ ትልቅ በር በነፋስ ሲላተም እንደሚሰማው ነው። አንዱ የድንጋዩ ስባሪ ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ሌላው የብረት መደገፊያዋ ላይ ነጥሮ ፊታቸውን መታ። ሲወድቁ አልጮኹም። ከሁሉ የሚዘገንነኝ ማሽኑ ነው፤ ድንጋይ የሌለው ማሽን፣ ምንም እንዳልሆነ፣ መዞሩን ቀጠለ። ሄጄ አጠፋሁት። ደሙ ከጥቁሩ ትቢያ ጋር ሲገናኝ ቀለሙ ጠፋ። ወደ ሐጂ መኪና ስንሸከማቸው ከመንገድ የጫቱ ጡሩምባ ተሰማ፣ ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ አንገታቸውን ወደዚያ ሲመልሱ አየሁ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ አልጽፈውም፤ ከእነሱ አልሻልም።

አሁን ከተማው ሁሉ ግንባታ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጥቷል፤ ሆዳን ውስጥ ካንዱ መንገድ ወደ ሌላው ስትታጠፍ የግራይንደር ድምፅ አይለይህም። ወጣቶቹ እንደኛው በነጠላ ጫማ ይሠራሉ፤ የማሽኑን ሽፋን እንደኛው ይፈታሉ፤ መነጽር ያደረገውን እንደኛው ያላግጡበታል። አንዳንዴ ቆሜ አያቸዋለሁ። የወደቀ ድንጋይ አትሰሩ፣ መጀመሪያ አዳምጡት ልላቸው እፈልጋለሁ። ከዚያ ከየት አወቅህ የሚለኝ ሰው ይመጣብኛልና መንገዴን እቀጥላለሁ። ይህንንም በራሴ ጥፋት ላይ ጨምሬ መዝግቤዋለሁ።

የኡስታ ግራ ዓይን ጠፋ። የራሳቸው መነጽር ባይኖር ሁለቱም ይሄድ ነበር አለ ሐኪሙ። ሐጂ በየሄዱበት የፋብሪካ ጥፋት ነው፣ ከአላህ የመጣ ነው እያሉ አወሩ፤ ማሳከሚያውንም ቻሉ። የቤቱ ልማድ ግልጽ ነበር፦ ሰው በገዛ ጥፋቱ ከተጎዳ ራሱን ያሳክማል፤ ማንም ካላጠፋ ሐጂ ይችላሉ። በአምስተኛው ቀን ብርቱካን ገዝቼ ብቻዬን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ክፍሉ አዮዲንና ያደረ ሾርባ ይሸታል። ግማሽ ፊታቸው ተጠቅልሏል። በቀረው ዓይናቸው አዩኝና እንድቀመጥ አመለከቱኝ። አንድ ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ፤ ግማሹን ልጬ ተውኩት።

«ኡስታ፣ ድንጋዩን ጥዬዋለሁ» አልኳቸው። «ጠዋት ሳወርደው ወድቆብኛል።»

«በጎኑ ነው በጠርዙ?» አሉኝ።

«በጠርዙ።»

«ከየት ከፍታ?»

ደረቴን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ሰው ቤት ስላለ ሌላ ማሽን የምናወራ ይመስል ነበር። «ብመታው ይነግረኝ ነበር» አሉ። እንዲሰድቡኝ ፈለግኩ። ስለ ስንኟም እንዲያነሡብኝ ፈለግኩ። አላነሡም። ይልቅ እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ። አገሬ ልገባ ባቡር ላይ እስክሳፈር አፍህን ዝጋ። ሐጂ የሚያሳክሙኝ ማንም አላጠፋም ብለው ነው። አንተ ጣልኩት ካልክ፣ እኔን ‹አንተስ ለምን ሳታየው አሰርከው› ብለው ማሳከሙን ይተዉታል፤ ገና ሁለት ቀዶ ጥገና ይቀረኛል። ከሄድኩ በኋላ ግን ንገራቸው። ላንተ ብዬ አይደለም። ሌላ ድንጋይ ይመጣል፤ ሌላ ሰው ያስረዋል። የወደቀ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ ይወቁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ወላሂ በል።»

ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ። ወላሂ አልኳቸው።

ሁለት ወር ያህል ቆዩ። በሄዱበት ጠዋት ሻንጣቸውን ተሸክሜ ባቡር ጣቢያ አደረስኳቸው። ጣቢያው ያኔም አርጅቶ ነበር፤ ቀለሙ የተላጠ፣ ሽንት ሽንት የሚል፣ የድሬ ነጋዴ ሴቶች ስኳርና ጨርቅ የተሞላ ማዳበሪያ በመስኮት የሚጭኑበት። ኡስታ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ንጹሕ ካኒቴራ ለብሰዋል። አንዲት ነጋዴ ወንበር ለቀቀችላቸው፤ ደስ አላላቸውም፣ ግን ተቀመጡ። በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል። ባቡሩ እየተንቋቋ፣ ከእግረኛ ብዙም ሳይቀድም፣ ሄደ።

ሥራ ቤት ስደርስ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አዳዲስ ድንጋዮች በሳጥን መጥተው መሬት ላይ ተደርድረዋል። «ሄደ?» አሉኝ። ሄዱ አልኳቸው። አንዱን ሳጥን በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ እዚያው ነበርክ። ያ ድንጋይ ምን ሆኖ ነው?»

ባቡሩ በዚያ ሰዓት ሆልሆል ጣቢያን ሳያልፍ አይቀርም። የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፤ ምዬም ነበር። ጌታሁንና ሌሎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ ሁሉም አንድ ቀን እዚያ ማሽን ፊት የሚቆሙ ሰዎች ናቸው።

«ከፋብሪካው ነው፣ ሐጂ» አልኩ።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው» አሉና የኡስታን ማሽን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ከዛሬ ያንተ ናት።»

አመሰገንኳቸው።